የዋሻ አሰሳ ክበብ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ለጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወዳጆቼ ከመኪናዬ ኋላ ጭቃ የለበሰ ቱታና ሄልሜት ባዩ ቁጥር «አደገኛ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። አዎ፣ አደገኛ ነው። ዋሻ ውስጥ ሰው ይወድቃል፣ ብርድ ያሸንፈዋል፣ መንገድ ይጠፋበታል፣ ውሃ ይቀድመዋል። ሆኖም ስድስት ዓመት ከክበብ ጋር ስመላለስ እንዳየሁት፣ አደጋውን የሚያከብደውም የሚያቀልለውም በአብዛኛው አብሮ የሚገባው ሰው ነው። በጨለማው ውስጥ እግርዎ ቢሰበር አጠገብዎ የሚቀመጠው፣ ወጥቶ እርዳታ የሚጠራው፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ «ዛሬ ዝናብ አለ፣ አንገባም» ብሎ ጉዞውን የሚሰርዘው እሱ ነው። ክበብ ልግባ አልግባ ብሎ ማሰብ እንግዲህ ሕይወቴን ለእነዚህ ሰዎች አደራ እሰጣለሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁለት ወይም ሦስት ወር ይወስዳሉ። ያዘገየኋቸው ሆን ብዬ ነው። የአባልነት ክፍያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየትኛውም ደረጃ «ለእኔ አይሆንም» ብለው ቢተዉት የሚያጡት የቤንዚንና የአንድ ቲኬት ዋጋ ብቻ ነው።

እርምጃ 1፦ ከመሬት በታች መሆን እንደሚስማማዎት ይፈትሹ

በቨርጂኒያ የሚገኘውን ሉሬይ ካቨርንስን ብዙዎቻችን ልጆች ይዘን ጎብኝተነዋል። በ1878 የተገኘ ዋሻ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የተነጠፈ መንገድና የኤሌክትሪክ መብራት አለው። እስካሁን ካልሄዱ ቲኬት ቆርጠው ይግቡ፤ ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን የድንጋይ መጋረጃዎች ሲያዩ ልብዎ ይከፈታል ወይስ ይጨነቃል የሚለውን ልብ ይበሉ። ከዚህ ያለፈ ነገር ግን ሉሬይ አይነግርዎትም፤ ምክንያቱም ክበቦች የሚገቡበት ዋሻ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል።

እዚያ መብራትም ደረጃም መደገፊያም የለም። የቨርጂኒያና የዌስት ቨርጂኒያ ዋሻዎች አየር ዓመቱን ሙሉ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ አለቱ የአካባቢውን አማካይ የዓመት ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ውጭው በረዶም ይሁን ሐሩር ውስጡ እምብዛም አይለወጥም። አየሩ እርጥብ ነው፣ መሬቱ ጭቃ ነው። ለጀማሪ ይቀላል በሚባል ጉዞ እንኳ አራትና አምስት ሰዓት በእግር፣ በጉልበትና አንዳንዴም በደረት ይኬዳል።

ጠባብ ቦታን መቻል አለመቻልዎን ቤትዎ ውስጥ መሞከር ይችላሉ። አሜሪካውያን አሳሾች ሲሰበሰቡ ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚል የእንጨት ሣጥን ሠርተው በውስጡ ተስበው ያልፋሉ። እኔ የሞከርኩት በምግብ ጠረጴዛችን ወንበሮች ነው። አራቱን ወንበሮች በመስመር ደረደርኩ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ ባርኔጣ አድርጌ በሆዴ ከሥራቸው ገባሁ። መካከል ላይ ስደርስ ቆምኩና አሥር ደቂቃ ሳልንቀሳቀስ ተኛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ከባድ ነበሩ፤ ትንፋሼ ወለሉን ነክቶ ፊቴ ላይ ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ትንፋሼ ረጋ። የእርስዎ የማይረጋ ከሆነ፣ እንዲያውም እየባሰ ከሄደ፣ ያ ትልቅ መረጃ ነው። ፍርሃቱ ብቻውን ከዋሻ አያስቀርዎትም፤ ሰፊ ዋሻም አለና። ሊታይ የሚገባው ፍርሃቱ በዝግታ በመተንፈስ የሚታዘዝልዎ መሆን አለመሆኑ ነው።

የልብ ሕመም፣ በመድኃኒት ያልተረጋጋ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ መጀመሪያ ሐኪም ታማክር፣ ያማክር። የሰውነታቸውን የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ፤ የሌሊት ወፍ ኩስ በተከማቸበት አፈር ውስጥ ሳንባን የሚያጠቃ ሂስቶፕላዝሞሲስ የሚባል የፈንገስ በሽታ ሊኖር ይችላል።

እርምጃ 2፦ ከክበብ ጋር ወይስ ከጓደኛ ጋር የሚለውን ይቁረጡ

«ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የእጅ ባትሪ ይዘን ብንገባስ?» የሚሉኝ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት።

ፍሎይድ ኮሊንስ የኬንታኪ ሰው ነበር። ዋሻን እንደ ጓሮው የሚያውቅ፣ በ1917 ትልቅ ዋሻ ያገኘ፣ በዘመኑ በሙያው የታወቀ ሰው ነው። ጥር መጨረሻ ላይ በ1925 ሳንድ ኬቭ ወደሚባል ዋሻ ብቻውን ገባ። ሲመለስ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አንድ ድንጋይ ወድቆ እግሩን ያዘው። ድንጋዩ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ ሜዳ ላይ ቢሆን ልጅ የሚያነሳው። ኮሊንስ እጁን ወደ እግሩ መላክ ስላልቻለ እዚያው ቀረ። ሰዎች ያገኙት በማግስቱ ነው፤ ምግብ አደረሱለት፣ አነጋገሩት፣ ሊያወጡት ግን አልቻሉም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሕይወቱ አልፏል። ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር የሚከብደኝ ድንጋዩ ሳይሆን ያች የመጀመሪያዋ ሌሊት ነች። ከኋላው አንድ ሰው ቢኖር፣ ያ ድንጋይ ሳይጠብቅ፣ አፈሩ ሳይናድ፣ ምናልባት በዚያው ሰዓት ይነሳ ነበር።

ክበብ ይህን ሁሉ ተምሮ ሥርዓት አድርጎታል። ከአራት ሰው በታች ሆኖ አይገባም፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ይይዛል። ውጭ ያለ ሰው የመውጫ ሰዓታቸውን ያውቃል። ከዚህ በተጨማሪ የዋሻ በር የሰው ንብረት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ4,000 በላይ ዋሻዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ የሚገኙት በገበሬዎችና በሌሎች ግለሰቦች መሬት ላይ ነው። ከባለ መሬቱ ጋር ለዓመታት የተገነባ መተማመን ያለው ክበቡ ነው። አንድ ቡድን በሩን ሳይዘጋ ቢወጣና ላሞች ቢበተኑ ያ ዋሻ ለሁሉም ሊዘጋ ይችላል።

ክበቦች ምን ያህል ዕውቀት እንደሚያከማቹ ለማየት በ2018 ታይላንድ ውስጥ የሆነውን ያስታውሱ። 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ በጎርፍ ተዘጉ። በዘጠነኛው ቀን በጎርፉ ውስጥ ጠልቀው ያገኟቸው ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የሚባሉ ብሪታንያውያን ናቸው፤ አንዱ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ሌላው የኮምፒውተር ባለሙያ። የዋሻ ጠላቂነታቸው የዕረፍት ቀን ፍቅራቸው ነበር።

እርምጃ 3፦ ክበቡን ፈልገው ሁለት ስብሰባ ይቀመጡ

አሜሪካ ውስጥ ናሽናል ስፔሊዮሎጂካል ሶሳይቲ የሚባል ብሔራዊ ማኅበር አለ። የተመሠረተው በ1941 እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ሃንትስቪል፣ አላባማ ይገኛል። የአካባቢ ክበቦቹ «ግሮቶ» ይባላሉ። ማኅበሩ በድረ ገጹ ላይ የክበቦቹን ዝርዝር ያወጣል። አብዛኞቹ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ እንግዳ ያለ ክፍያ መቀመጥ ይችላል።

በአንድ ስብሰባ ብቻ አይወስኑ፤ ሁለት ጊዜ ይሂዱ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ለእንግዳ ጥሩ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ስምዎን የሚያስታውስ ይኖር እንደሆነ ያያሉ። እኔ ስገባ በክፍሉ ውስጥ ጥቁር ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛዬም የኛው ቅላጼ አለው። በሁለተኛው ስብሰባ አንዲት ሽማግሌ ሴት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ ሶፍ ዑመር ጠየቀችኝ። የባሌውን ዋሻ፣ የወይብ ወንዝ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍበትን፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመቱን ከኔ ይልቅ አሳምራ ታውቀው ነበር። ቦታው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም እንደሚጠራና ለሙስሊሞች ቅዱስ መሆኑን ስነግራት ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። የዚያን ዕለት ነው ልቤ ያዘነበለው።

በስብሰባው ላይ በተለይ አንድ ነገር ያዳምጡ፤ ያለፈውን ወር ጉዞ ሲያወሩ ስህተታቸውን በአደባባይ ይናገራሉ ወይ? «መብራቴ ጠፋ፣ መለዋወጫ ባትሪዬም እርጥብ ነበር፤ ከዚህ በኋላ በፕላስቲክ እይዛለሁ» የሚል ሽማግሌ ያለበት ክበብ ጥሩ ክበብ ነው። ብሔራዊው ማኅበር ራሱ የአደጋ ሪፖርቶችን ሰብስቦ ለአባላቱ ያሳትማል፤ ማን ወደቀ፣ ለምን ወደቀ፣ ምን ቢደረግ ኖሮ ይተርፍ ነበር የሚለው ይጻፋል። ስህተት የሚደበቅበት ክበብ ውስጥ ግን ያው ስህተት በእርስዎ ላይ ይደገማል።

ዋሻው የት እንደሚገኝ ሲጠይቁ መልሱን ቢሸሹብዎት አይከፉ። ቦታውን የሚደብቁት ንቀው አይደለም፤ የታወቀ ዋሻ ይሰበራል፣ ይሳልበታል፣ ባለ መሬቱም ይማረራል። እንዲያውም ገና በመጀመሪያው ቀን የዋሻዎችን አድራሻ የሚያድል ክበብ ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ።

እርምጃ 4፦ እነዚህን ጥያቄዎች ፊት ለፊት ይጠይቁ

እዚህ ላይ አይፈሩ፣ ይሉኝታም አይያዝዎት። እኛ ትልቅ ሰውን በጥያቄ ማጨናነቅ ነውር እየመሰለን ዝም እንላለን። የዋሻ መሪ ግን ጥያቄ ሲበዛለት ደስ ይለዋል፤ ካልተደሰተ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

«ጉዞውን የሚመራው ማን ነው? ያንን ዋሻ ስንት ጊዜ ገብቶበታል?» ጥሩው መልስ አጭር ነው፦ ስም፣ ዓመት፣ ቁጥር። ጀማሪ የሚወሰድበት ዋሻ መሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ዋሻ መሆን አለበት።

«ለስንት ጀማሪ ስንት ልምድ ያለው ሰው አለ?» እኔ ከሁለት ጀማሪ አንድ ነባር ያነሰ ከሆነ አልሄድም። አሥር ጀማሪና አንድ መሪ ከሆነ ሽርሽር እንጂ የዋሻ ጉዞ አይባልም።

«ውጭ የመውጫ ሰዓታችንን የሚያውቀው ማን ነው? ብንዘገይ በስንት ሰዓት ለማን ይደውላል?» ይህን ጥያቄ ወዲያው የማይመልስ መሪ ጋር ፈጽሞ አይግቡ።

«ዝናብ ቢተነበይስ?» ብዙ ዋሻ ወንዝ የቆፈረው ነው፤ ወንዙም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ያለ ሆኖ ከላይ ያለው ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

«መሣሪያ ታውሳላችሁ ወይ? ከጉዞ በኋላስ እንዴት ታጥቡታላችሁ?» የዚህን ምክንያት እርምጃ 7 ላይ እመለስበታለሁ።

«ኃላፊነትን የሚመለከት የምፈርመው ወረቀት አለ? የጤና መድኅን ከሌለኝስ?» ወረቀቱ አለ፤ ቤት ወስደው ያንብቡት። ክበቡ የሕክምና ወጪዎን እንደማይሸፍን አድርገው ያስቡ።

ከሁሉም የሚበልጠውን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት፦ «መካከል ላይ ደርሼ መመለስ ብፈልግ ምን ይሆናል?» ክበብ ሳፈላልግ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ አንድ ወጣት ይህን ስጠይቀው ትከሻዬን መታ አድርጎ «አይዞህ፣ እስካሁን ማንም ተመልሶ አያውቅም» አለኝ። ሊያበረታታኝ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው፦ እዚህ ቤት መመለስ አይቻልም። በዚያው አልተመለስኩም።

ዛሬ ያለሁበት ክበብ ውስጥ በሁለተኛው ጉዞዬ የሆነውን ልንገርዎት። ስድስት ሰዎች ነበርን። ከበሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ገብተን ጣሪያው ዝቅ ወዳለበት ቦታ ደረስን፤ በደረት እየተሳቡ የሚያልፉት አሥር ሜትር ያህል መተላለፊያ ነው። ከፊቴ የነበረች ጀማሪ ጭንቅላቷን አስገባች፣ ወጣች፣ እንደገና አስገባች። ከዚያ በጭቃው ላይ ቁጭ ብላ «አልችልም» አለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። መሪያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰዓታቸውንም ፊቷንም አላዩም። ቦርሳቸውን አውርደው ውሃ አወጡ፣ ለሷም ሰጧት፣ «እንግዲያው እዚህ ጠጥተን እንመለስ፤ ስንወጣ በግራ በኩል ያለውን አዳራሽ አሳያችኋለሁ» አሉ። ስድስታችንም ዞርን። በመኪና ውስጥ ማንም ስለዚህ አላነሳም። በሚቀጥለው ስብሰባ የተነበበው ዘገባ «እስከ ዝቅተኛው መተላለፊያ ሄደን ተመለስን፤ ጥሩ ጉዞ ነበር» ይላል። ያች ሴት ዛሬ የክበቡ ካርታ አንሺ ናት።

እርምጃ 5፦ ለመጀመሪያው ጉዞ ይዘጋጁ፤ ግን ውድ ዕቃ አይግዙ

ሄልሜትና የግንባር መብራት ከክበቡ ይዋሱ። ሄልሜቱ የአገጭ ማሰሪያ ያለው የተራራ መውጫ ዓይነት ይሁን፤ የብስክሌት ሄልሜት አይሆንም። ሦስት መብራት ያልኩት የጌጥ አይደለም፤ አንዱ ግንባር ላይ፣ ሁለቱ ቦርሳ ውስጥ፣ መለዋወጫ ባትሪ ጋር። የስልክ መብራት አይቆጠርም። ጓንትና የጉልበት መከላከያ ከግንባታ ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ጉልበትዎ ማምሻውን ያመሰግንዎታል።

ልብስ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ጥጥ አይለበስም። ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ይይዛል፤ የያዘው ውሃም የሰውነትዎን ሙቀት ይስባል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ አሮጌ ቱታ ይልበሱ። ጂንስ ሱሪ ይቅር። ጋቢዎን ግን መኪና ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከዋሻ ወጥቶ ደረቅ ልብስ ቀይሮ ጋቢ የመልበስን ያህል ደስታ አላውቅም።

ስንቅ ላይ የኛ ሰው ዕድለኛ ነው። ቆሎ ጥሩ ነው፤ ብቻ ከእጅ ያመልጣል፣ ዋሻ ውስጥ የወደቀ ፍርፋሪ ደግሞ ይሻግታል፣ እዚያ የሚኖሩትን ትንንሽ ፍጥረታትም ይረብሻል። ጭኮ ግን ለዋሻ የተሠራ ይመስላል፤ ገብሱና ቅቤው ለብርድ ጉልበት ይሰጣል፣ አይፈረፈርም፣ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ይያዛል። ውሃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይያዙ። ሽንትም ቢሆን በጠርሙስ ተይዞ ይወጣል፤ ሰፊ አፍ ያለው፣ ክዳኑ የማያፈስ ጠርሙስ ያዘጋጁ። ሴቶች ክበቡ ውስጥ ያሉ ሴቶችን ይጠይቁ፤ ለዚህ የራሳቸው ብልሃት አላቸው፣ ለመናገርም አያፍሩም።

ገመድ ስለሚያስፈልጋቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሁን አያስቡ። በገመድ መውረድና መውጣት ውጭ፣ በዛፍ ወይም በገደል ላይ፣ ደጋግመው ከተለማመዱ በኋላ የሚመጣ ነው። በመጀመሪያ ጉዞ ገመድ ላይ የሚያንጠለጥልዎት ክበብ ካለ እምቢ ይበሉ።

እርምጃ 6፦ ውስጥ ሳሉ እነሱንም ራስዎንም ይመልከቱ

መተላለፊያው ሹካ በሆነ ቁጥር ዞር ብለው ከኋላ ያለውን ይመልከቱ። ዋሻ ሲመለሱበት ሌላ ዋሻ ነው፤ ያንኑ ድንጋይ ከወዲያ በኩል አያውቁትም። ሲወጡና ሲወርዱ ከሁለት እጅና ከሁለት እግርዎ ሦስቱ ሁልጊዜ አለት ይንኩ። ከጣሪያ የተንጠለጠሉትንና ከመሬት የበቀሉትን ድንጋዮች አይንኩ፤ በጠብታ የተሠሩ የሺህ ዓመታት ሥራ ናቸው፣ የእጅ ወዝ እድገታቸውን ያቆመዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ መስበራቸው በሕግ ያስቀጣል።

ቡድኑ በማን ፍጥነት ይሄዳል? ፊተኛው እየቀደመ ኋለኛው ብቻውን ከቀረ፣ ሰው ካልተቆጠረ፣ ያ መጥፎ ምልክት ነው። መሪው በየጊዜው «በረዳችሁ? ራባችሁ?» ካለ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ብርድ ተንኮለኛ ነው፤ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያደናቅፋል፣ ከዚያ ዝም ያሰኛል። ተጫዋች የነበረ ሰው ድንገት ዝም ካለ ለመሪው ይንገሩ። እርስዎም ሲበርድዎ ቶሎ ይናገሩ፤ ችሎ ዝም ማለት እዚያ ጨዋነት አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ሁሉም መብራቱን እንዲያጠፋ ይጠየቃል። እጅዎን ዓይንዎ ፊት ቢያወዛውዙ አያዩትም። አገር ቤት ደብር አጠገብ ባለ ዋሻ ዘግተው የሚጸልዩ ባሕታውያን ሲነሱ እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ ምን ዓይነት ጸጥታ ፈልገው እንደገቡ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው። የውሃ ጠብታ ይሰማል፣ የጎረቤት ትንፋሽ ይሰማል። ያችን ደቂቃ ከወደዷት፣ ጭቃውንም ብርዱንም ይለምዱታል።

እርምጃ 7፦ ይጠቡ፣ አንድ ሳምንት ይቆዩ፣ ከዚያ ይወስኑ

በ2006 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ አፍንጫቸው በነጭ ፈንገስ የተሸፈነ የሌሊት ወፎች ታዩ። በሽታው ከእንቅልፍ ወራታቸው እየቀሰቀሰ፣ የክረምት ስባቸውን እያስጨረሰ፣ በሰሜን አሜሪካ ሚሊዮኖችን ፈጅቷል። የሌሊት ወፍ በየሌሊቱ የገበሬውን ሰብል የሚበሉ ነፍሳትን የምትበላ ፍጥረት ናት። ፈንገሱ በልብስና በጫማ ጭቃ ላይ ሆኖ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሊጓዝ ስለሚችል መሣሪያ ሁሉ ጭቃው ተፍቆ ይታጠባል፤ ከዚያም የሚችለው ዕቃ ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይነከራል። ይህን ሥራ የሚያፌዝበት ክበብ ሌላውንም ጥንቃቄ ያፌዝበታል።

ማኅበሩ አንድ መፈክር አለው፦ ከፎቶግራፍ በቀር ምንም አትውሰድ፣ ከእግር ዱካ በቀር ምንም አትተው፣ ከጊዜ በቀር ምንም አትግደል። እኔ አባላቱ በእርግጥ ያምኑበት እንደሆነ የምለየው ከጉዞ በኋላ ባለው እጥበት ነው።

ከዚያ አንድ ሳምንት ይቆዩ። በወጡበት ማታ ሁሉም ሰው ወይ በጣም ይወደዋል ወይ ሁለተኛ አልገባም ብሎ ይምላል፤ ሁለቱም አይታመኑም። በሳምንቱ ሦስት ነገር ራስዎን ይጠይቁ። ከዚያ መሪ ጋር ልጄን ወይም ወንድሜን እልከዋለሁ? ፈርቼ በነበረበት ሰዓት ፍርሃቴን ለአጠገቤ ሰው መናገር ቻልኩ? በወር አንድ ቅዳሜ ለዚህ ብሰጥ ከቤተሰቤ፣ ከዕድሬ፣ ከቤተ ክርስቲያኔ ወይም ከመስጊዴ ምን ይጎድላል?

ለሦስቱም መልስዎ ካረጋጋዎት ይክፈሉ። የአካባቢ ክበብ ዓመታዊ ክፍያ በአብዛኛው የአንድ ምግብ ቤት እራት ቢሆን ነው። የመጀመሪያው መልስ ከጎደለ ሌላ ክበብ ይፈልጉ። ሁለተኛው ከጎደለ ግን ክበብ መቀየር አይፈታውም፤ አንድ ተጨማሪ ቀላል ጉዞ ሞክረው ይመልከቱ። ጠባብ ቦታ አልሆን ካለዎትም ቆሻሻ የተጣለባቸውን የዋሻ አፎች የሚያጸዱ፣ ካርታ የሚስሉ፣ ከባለ መሬቶች ጋር የሚነጋገሩ አባላት አሉ፤ ከመሬት በላይ ሆኖ ክበቡን ማገልገል ይቻላል።

ከአሜሪካ ውጭ ላሉ አንባቢዎች አካሄዱ ያው ነው፣ ዝርዝሩ ይለያል። ብሪታንያ ውስጥ በክበብ በኩል የብሪቲሽ ኬቪንግ አሶሲዬሽን አባል ሲሆኑ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የኃላፊነት መድኅን አብሮ ይመጣል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በ2019 የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበጎ ፈቃደኛ አሳሾች ጋር ሆነው የሰዶም ተራራውን ማልሃም ዋሻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ለክተው የዓለም ረጅሙ የጨው ዋሻ መሆኑን ያስታወቁበት አገር ውስጥ ናቸው።

እርምጃ 8፦ ለቤተሰብ ይንገሩ፣ ሰዓቱንም በሁለት ይጻፉ

እናቴ ጉዳዩን ስትሰማ «ጅብ በሚያድርበት ጉድጓድ ምን ጥለህ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። የመምህሩን ፎቶግራፍ አሳየኋት፣ ሄልሜቱን አስያዝኳት፣ በስንት ሰዓት እንደምወጣም ነገርኳት። ቀስ በቀስ ጥያቄዋ «ለምን ትሄዳለህ?» ከሚለው «ከማን ጋር ነህ?» ወደሚለው ተቀየረ።

ማቀዝቀዣችን ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አለ። የዋሻው ስምና አውራጃው፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታ፣ አብረውኝ ያሉት ሰዎች ስም፣ የመሪው ስልክ፣ የመውጫ ሰዓት፣ ካልደወልኩ 911 የሚደወልበት ሰዓት። ለ911 ሲደወል «ሰው ዋሻ ውስጥ ነው» የሚለው ቃል መጀመሪያ ይነገር፤ የዋሻ ነፍስ አድን ሥልጠና ያላቸው በጎ ፈቃደኞች የሚጠሩት በዚህ ነው።

በአንድ ጉዞዬ «እስከ 8 ሰዓት ካልደወልኩ ደውሉ» ብዬ ወጣሁ። እኔ ያልኩት በአሜሪካ አቆጣጠር የማታውን 8 ነበር፤ እናቴ ቀኑን በኛ 8 ሰዓት፣ ማለትም ከቀትር በኋላ በ2 ሰዓት፣ ስልኩን ይዛ ቆማለች። እህቴ ባትደርስ ኖሮ የአንድ አውራጃ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በከንቱ ይወጡ ነበር። ስህተቱ በተቃራኒው ቢሆን ደግሞ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚፈልገን አይኖርም ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፦ ማታ 2 ሰዓት በኛ፣ 8 ሰዓት በአሜሪካ፤ ከሥሩም ቀኑ።